አንድ ሌንስ ብቻ ነው የምችለው፦ ቴሌፎቶ ወይስ ስታንዳርድ ዙም? (ሐረር ነኝ)

ጁገል_ማዶ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ሰዎች። ዕቁብ ደርሶኛል። እናቴ ፍሪጅ ነው የምታስበው፣ እኔ ሌንስ ነው የማስበው። ሳትቀድመኝ መወሰን አለብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካሜራዬ ካነን 700ዲ ነው። አብራው የመጣችው ሌንስ፣ 18-55 ሚሊሜትሯ (ቁጥሩ ሲያንስ ሰፋ አድርጎ ያሳያል፣ ሲበዛ ያቀርባል)፣ ባለፈው ወር ሠርግ ላይ ከእጄ አምልጣ ደረጃ ላይ ተንከባለለች። አሁን ዙሟ 35 ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል፣ ቢገፉት አይሄድም። እስከዚያው ዙም በሌላት በ50ዋ ሌንሴ እየተንጠላጠልኩ ነው። ጁገል፣ ግንብ በከበባት አሮጌዋ ከተማ፣ ውስጥ በ50 ብቻ መሥራት ምን እንደሚመስል የሞከረ ያውቀዋል።

ሁለት ሌንስ አይቻለሁ፣ ሁለቱም ያገለገሉ። አንዷ ቴሌፎቶዋ፣ ካነን 55-250 ኤስቲኤም። ሌላው ስታንዳርድ ዙሙ፣ ሲግማ 17-50፣ ከዳር እስከ ዳር 2.8 የሚከፈተው (ይህ ቁጥር ሲያንስ ብዙ ብርሃን ያስገባል)። ሲግማው የ55-250ዋን እጥፍ ገደማ ነው የሚጠየቀው፣ ዕቁቡን ሙልጭ አድርጎ ይወስደዋል። 55-250ዋን ከገዛሁ ግን ፍሪጅ ባይሆንም ለእናቴ የሆነ ነገር ይተርፋል።

እንጀራዬ ሠርግ፣ ምርቃትና የመታወቂያ ፎቶ ነው። ልቤ ግን ያለው ጊድር መገላ ገበያ ነው። ሥጋ ተራው ላይ ጭልፊቶቹ ሲወርዱ አይታችኋል? ሰው እጅ ላይ ያለ ሥጋ ላፍ አድርገው ይሄዳሉ። ሦስት ወር ሙሉ በ50ዋ ሞከርኩ። ያለኝ ሁሉ ሰማይና ነጠብጣብ ነው። ደግሞ ጅቦቹ አሉ።

ምን ትላላችሁ? «ሁለቱንም ግዛ» የሚል ሰው ገንዘቡን አብሮ ይላክ።

ከዚራ_ጥላ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡58

አቦ ይሄ ጥያቄ ነው እንዴ? 55-250!

እኔ ድሬ ነኝ፣ ሁለት ዓመት አንገቴ ላይ ናት። 375 ግራም ብቻ ነው የምትመዝነው። በድሬ ሙቀት ከቀፊራ ገበያ ታይዋን ገበያ በእግርህ ስትመላለስ የግራም ትርጉም ይገባሃል። ደግሞ ያንተ ካሜራ ሴንሰሩ ትንሽ ስለሆነ 250ው በ1.6 ተባዝቶ የ400 ያህል ያቀርብልሃል። ጭልፊት ምን አላት፣ ላባዋን ትቆጥራለህ ወላሂ።

አንድ ነገር ግን ልንገርህ፣ እኔ በገዛ ራሴ ተሞኝቼ ነው ያወቅኩት። መጀመሪያ የገዛሁ ሰሞን ሌንሷ የተበላሸች መስሎኝ ልመልሳት ነበር። በእኩለ ቀን ደቻቱ ወንዝ ዳር ሆኜ አሸዋው ላይ የሚሄዱ ግመሎችን አነሳለሁ። ፎከስ ይይዛል፣ ጢጥ ይላል፣ ፎቶው ግን ውሃ ውስጥ እንዳለ ዕቃ ይሟሟል። ለካ ከመሬት የሚነሳው ትኩሳት አየሩን እያንቀጠቀጠው ነው። በነጋታው ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ እዚያው ቦታ ቆሜ ሳነሳ ጥርት አለ። ስለዚህ ድሬ ላይ ፀሐይ ከከረረች በኋላ በረጅም ሌንስ ሩቅ ነገር አታንሳ። እናንተ ከፍታችሁ ወደ 1900 ሜትር ስለሆነ ብዙም አትቸገሩም።

ነጭ_ሚዛን | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡15

ከዚራ ስሜት አወራ፣ እኔ ሜትር ላውራ።

የ700ዲ ሴንሰር 22.3 በ14.9 ሚሊሜትር ነው። ካሜራውን አቁመህ አንድ ሙሉ ሰው ልታነሳ ነው እንበል። ከራሱ በላይና ከእግሩ በታች ትንሽ ትተህ ሁለት ሜትር ያህል ከፍታ ማስገባት አለብህ። በ18 ከሆነ 1.6 ሜትር ርቀህ ብትቆም ይበቃል። በ55 አምስት ሜትር ያህል ወደ ኋላ መሄድ ይኖርብሃል። በ250 ሃያ ሁለት ሜትር። ካሜራውን ጋደም አድርገህ ከያዝከው ከዚህም ይብሳል።

አሁን ከመኪና ግርግር፣ ከልብስ ሰፊዎቹ መንገድ፣ ወደ አንዱ ቀጭን መንገድ ገባ በልና ከጀርባህ ያለው ግድግዳ ስንት ሜትር ላይ እንደሆነ ለካው። ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ በግድ የሚያሳልፍ ቦታ ላይ የሌንስህ መጀመሪያ 55 ከሆነ የምታነሳው ፊትና የበር እጀታ ብቻ ነው።

55-250 ጥሩ ሌንስ ናት። ግን ሁለተኛ ሌንስ ናት። አንተ ደግሞ አንደኛዋ ወድቃብሃለች።

ጁገል_ማዶ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡22

ግድግዳውንማ ትናንት በጀርባዬ ለክቼዋለሁ ወንድሜ፣ ለበዓል አዲስ ቀለም ቀብተውት ጃኬቴ አረንጓዴ ሆኖ ነው የገባሁት።

ግን መንገዱ ጠባብ ይሁን እንጂ ወደ ፊት ረጅም ነው እኮ። ሴቶቹ በዚያ ቀለማቸው ከሩቅ ሲመጡ በ250 ባነሳቸውስ? ሳያዩኝ ሲሆን ተፈጥሯዊ ይሆናል።

ጊስቲ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡50

«ሳያዩኝ» የምትለዋ ላይ ቆም በል እስቲ።

አክስቴ ቅመም ትሸጣለች፣ ከጊድር መገላ አትርቅም። ረጅም ሌንስ የያዘ ሰው ከሩቅ ሲያነጣጥር ከሁሉ በፊት የምታየው እሷ ናት። ምንም አትልም። ሻሿን ብቻ ሳብ አድርጋ ፊቷ ላይ ታመጣዋለች፣ ከዚያ ሰውየው እስኪሄድ በርበሬ ትለቅማለች። እናንተ ሩቅ ስትሆኑ የተደበቃችሁ ይመስላችኋል። የወተት ጣሳ የሚያህል ጥቁር ነገር ዓይን ላይ ደግኖ የሚደበቅ ሰው የለም።

አምና አንድ ልጅ ግን መጣና አጠገቧ ቁጭ አለ። በርበሬው አስነጠሰው፣ አንዴ ሁለቴ አይደለም፣ ዓይኑ እስኪያብጥ። እሷ ሳቀች። ሳቋን ሳትጨርስ «አንሳኝ እንግዲህ» አለችው። ያ ፎቶ ዛሬ ቤቷ ግድግዳ ላይ፣ ከስፌቶቹ መሃል ተሰቅሏል። በስልክ ነው ያነሳት።

ከዚራ_ጥላ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡54

እህቴ ልክ ነሽ። ግን ጭልፊት ፈቃድ አይጠየቅም ሃሃ

ጊስቲ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡56

ለጭልፊት አልተናገርኩም። ሥጋዬን የወሰደችብኝንማ በ600ም ብታነሳት አልቃወምም።

አባ_ነጌቲቭ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡10

እንደምን አደራችሁ ልጆች። ማታ በጊዜ ስለምተኛ አሁን ነው ያየሁት።

እኔ በፊልም ዘመን ሠርግ ያነሳሁ ሰው ነኝ። አንድ ጥቅል 36 ፎቶ ነበር፣ ስለዚህ ከመጫንህ በፊት ታስባለህ። ጁገል_ማዶ የኔ ልጅ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ጌይ ጋር (የሐረሪ ባህላዊ ቤት) ውስጥ ሠርግ አንስተህ ታውቃለህ? ሴቶቹ ነደባው (መደቡ) ላይ ከላይ እስከ ታች በየደረጃው ይቀመጣሉ። ግድግዳው በሳህንና በስፌት ተሞልቷል። ብርሃን የሚገባው በዋናው በር ነው፣ በሩ ላይ ደግሞ የቆምከው አንተ ነህ። ብርሃኑን የጋረድከው አንተው፣ ጨለመብኝ የምትለው አንተው! ወደ ኋላ ልሂድ ብትል ግቢው ውስጥ ትወጣለህ። ፍላሹን ጣሪያ ላይ ላንጥረው ብትል ጣሪያው እንጨት ነው፣ ይውጠዋል።

እዚያ ቤት ውስጥ 5.6 እና 2.8 አንድ አይደሉም። 2.8 አራት እጥፍ ብርሃን ያስገባል። አንዱ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት) 6400 ሲያስጮህህ ሌላው በ1600 ይሠራልሃል። ይህን ልዩነት ሙሽራዋ አታውቀውም፣ የፊቷ ቆዳ ግን አልበሙ ላይ ያሳውቃታል።

በነገራችን ላይ ሐረር ላይ ካሜራ ይዞ የተቸገርከው አንተ የመጀመሪያው አይደለህም። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ በፈረንጆቹ 1883 እዚሁ ከተማ ፎቶ ያነሳ ነበር። ለእናቱ በጻፈው ደብዳቤ ላይ ማጠቢያው ውሃ መጥፎ ስለሆነ ፎቶዎቹ ነጡብኝ እያለ ያማርራል። የሐረር ውሃ ያኔም አመለኛ ነበረች ማለት ነው። በስሙ የተሰየመው ሙዚየም ውስጥ የጥንቷ ሐረር ፎቶዎች አሉ፣ አንድ ቀን ጊዜ ወስደህ ተመልከታቸው። ሌንስ ከመግዛትህ በፊት ቢሆን ደግሞ ይመረጣል።

ቁልቢ_መንገደኛ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡30

እኔ ቴሌፎቶ ነው የምለው። ታህሳስ 19 ቁልቢ ገብርኤል ኮረብታው ላይ ወጥቼ ሕዝቡን ሳነሳ፣ ጥላው በጥላ ላይ፣ ነጠላው በነጠላ ላይ ተደራርቦ ግድግዳ ነው የሚመስለው። ይሄን የሚያመጣው ረጅም ሌንስ ነው፣ ሰውን ያጠጋጋል። በ18 ብታነሳው ሜዳ ላይ የፈሰሰ ምስር ይመስላል።

ነጭ_ሚዛን | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡41

ፎቶው ያምራል ግን ምክንያቱ ሌንሱ አይደለም፣ ርቀትህ ነው። ኮረብታው ላይ እዚያው ቆመህ አንዱን በ55 አንዱን በ250 አንሳ። የ55ቱን መሃሉን ብቻ ቆርጠህ አሳድገው። ጥላዎቹ ልክ እኩል ተጠጋግተው ታገኛቸዋለህ፣ ጥራቱ ብቻ ነው የሚሞተው። ሌንሱ የሚያደርገው ከሩቅ ቆመህ ያየኸውን ቆርጦ ማምጣት ነው።

ለጠያቂው የምነግረው ሌላ ነገር ደግሞ አለኝ። እኛን ተውና የራስህን ፎቶዎች ጠይቃቸው። እያንዳንዱ ፎቶ በስንት ሚሊሜትር እንደተነሳ ፋይሉ ውስጥ ተጽፏል። 18-55ዋ ከመውደቋ በፊት የሠራኸውን አንድ ሙሉ ሠርግ ክፈትና ቁጠር።

ፈላና_በር | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡05

የጅቡን ነገር ማንም አልመለሰለትም፣ እኔ ልመልስ። ሰፈሬ ነው።

ሰው ሁሉ «ጅብ አውሬ ነው፣ አውሬ ደግሞ በቴሌፎቶ ነው» ብሎ ይመጣል። ሌላ አገር ልክ ነው። እዚህ ግን ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ፈላና በር ውጭ ስትቆም ጅቡ አጠገብህ ነው ያለው ሰውዬ! ጅብ መጋቢው ሥጋውን በአጭር እንጨት ይዞ አፉ ላይ ያስነክሰዋል፣ ጅቡ ትከሻው ላይ ይወጣል፣ አንተ ሁለት እርምጃ ላይ ነህ። ብርሃኑ የመኪና ወይም የባጃጅ መብራት ነው። ባጃጁ ሞተር ሲያጠፋ ደግሞ እሱም ይደክማል።

አንዱ ጓደኛዬ 55-250 ይዞ መጣ። ሌንሱ በጨለማ ፎከስ ፍለጋ ዝዝዝ እያለ ወዲያ ወዲህ ይመላለሳል። በመጨረሻ ሲይዝለት ያገኘው የጅቡን አንድ ጆሮና የሰውየውን ግማሽ ክንድ ነው። ከዚያ ጅቡ ተጠጋው፣ 85 ሳንቲሜትር ውስጥ ሲገባ ሌንሱ ጭራሽ እምቢ አለ፣ ከዚያ በታች ፎከስ አይዝም። እሱ ግን ያኔ ስለ ፎከስ እያሰበ አልነበረም ሃሃ

እና የሐረር አውሬ የሚነሳው በ17 ነው።

ሰንጋ_ተራ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡20

ለምን 18-135 አይገዛም? ሁሉንም ይጨርሳል።

ነጭ_ሚዛን | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡31

ለመንገድ ቆንጆ ነው። ለጌይ ጋር ግን ያው 3.5 ጀምሮ 5.6 የሚጨርስ ነው፣ ለጭልፊት ደግሞ 135 ያጥራል። ለሁለቱም ግማሽ ግማሽ ይሆንበታል። ደግሞ ማንም ሰው 75-300 በርካሽ ቢያመጣልህ እንዳትቸኩል። በርካሽ የምትገኘዋ 75-300 አብዛኛውን ጊዜ መንቀጥቀጥ መከላከያ የላትም፣ 300 ላይ ደግሞ ለስለስ ትላለች።

ጁገል_ማዶ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡50

ቆጠርኩ። አንድ ሠርግ፣ 412 ፎቶ። ከግማሽ በላዩ በ18 እና በ24 መካከል ነው። 55 ላይ የተነሱት ስልሳ አካባቢ ናቸው፣ አብዛኞቹ ቀለበትና የሙሽራዋ ሂና። እውነት ለመናገር ልክ ይሄን አልጠበቅኩም። ሁልጊዜ «ቢያቀርብልኝ ኖሮ» ስል የኖርኩ ሰው ነኝ።

ግን ልቤ አሁንም ጭልፊቷ ላይ ነው። ምን ላድርገው?

ከዚራ_ጥላ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡05

አብሽር። ዓርብ ለሥራ ሐረር እመጣለሁ፣ የኔን 55-250 እሰጥሃለሁ። ሞክራት፣ ከዚያ ወስን። ዳገቱን ወጥቼ አመጣልሃለሁ፣ አንተ ደግሞ ቡና ትጋብዘኛለህ።

ደቻቱ_አሸዋ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡40

ያገለገለ ልትገዛ ከሆነ ከኔ ተማር። እኔ አንድ ጊዜ በስልክ ፎቶ ብቻ አይቼ 17-50 ገዛሁ። ደስ ብሎኝ ካርቶኑን ከፍቼ ካሜራዬ ላይ ልገጥመው ስል አይዞርም። ሦስት ጊዜ አዞርኩ። ለካ የኒኮን ነው። ካሜራዬ ካነን። ሻጩን ስደውልለት «አንተ መቼ ጠየቅከኝ» አለኝ፣ እውነቱን ነው አልጠየቅኩትም። ሲግማ ለሁለቱም ይሠራል፣ ከኋላ ያለውን ብረት አይተህ ግዛ።

ሌላው፣ የስልክ መብራት በአንድ በኩል አብርተህ በሌላኛው እይ። አቧራ ብናኝ ካየህ አትጨነቅ፣ ፎቶ ላይ አይታይም። የሸረሪት ድር የመሰለ ክር ካየህ ግን ሻጋታ ነው፣ አስቀምጠህ ሂድ። ዙሙን ጆሮህ ስር አድርገህ አዙረው፣ ቅርቅር ካለ አሸዋ ገብቶበታል። ከዚያ ካሜራህ ላይ ግጠመውና 2.8 ላይ ከፍተህ የድንጋይ ግንብ ፊት ለፊት ቀጥ ብለህ አንሳ። አራቱም ማዕዘን እኩል መሳል አለበት። አንዱ ጎን ብዥ ካለ ሌንሱ ወድቆ ያውቃል። እናንተ ደግሞ ለዚህ ታድላችኋል፣ የጁገል ግንብ ከየትኛውም የሙከራ ወረቀት ይሻላል።

ጁገል_ማዶ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡00

ሪፖርት።

ዛሬ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በተዋስኩት 55-250 ጊድር መገላ ገባሁ። የመጀመሪያዎቹ አርባ ፎቶዎች ቆሻሻ ናቸው። ሌንሷ መንቀጥቀጥ መከላከያ አላት ብዬ የሻተሩን ፍጥነት 1/250 ሴኮንድ ላይ ትቼው ነበር። እሱ የሚከላከለው ያንተን እጅ ነው እንጂ የወፏን ክንፍ አይደለም። ወደ 1/1600 አወጣሁትና አይኤስኦውን ከፍ አደረግኩ። ቀና ብዬ ስጠብቅ አንገቴ ደነዘዘ። ሥጋ ሻጩ አዘነልኝ መሰለኝ «ቆይ» አለኝና ቁራጭ ሥጋ መዳፉ ላይ አድርጎ ክንዱን ወደ ላይ ዘረጋ።

አንድ ፎቶ ነው ያገኘሁት። ጥፍሯ ሥጋውን ይዟል፣ ጣቶቹ ገና እየተከፈቱ ነው፣ ክንፏ የሰውየውን ፊት ሙሉ በሙሉ ሸፍኖታል፣ አንድ ዓይኑ ብቻ በላባው መሃል ይታያል። እየሳቀ ነው። ጋሼ ነጌቲቭ፣ 36ቱን ፊልም ጨርሼ አንዷን ያገኘሁ ያህል ነው የተሰማኝ።

ለሰውየው አሳየሁት። «ፊቴ የታለ?» አለኝ። ሌላ ላንሳህ አልኩት፣ እሺ አለ፣ ቢላውን አስቀምጦ ኮፍያውን አስተካከለ። እኔ ደግሞ በ55 ላስገባው ወደ ኋላ ስሄድ፣ ስሄድ፣ የሰው ቲማቲም ላይ ልቀመጥ ነበር።

እዚያው ቆሜ ወሰንኩ። ከሰዓት ሄጄ ሲግማውን አየሁት። የኋላው ብረት የካነን ነው፣ ሻጋታ የለውም። ሸዋ በር አጠገብ ግንቡን በ2.8 አነሳሁበት፣ የቀኙ የላይኛው ማዕዘን ትንሽ ለስለስ ይላል፣ 4 ላይ ይስተካከላል። ፎቶውን ለሻጩ አሳይቼ ዋጋ አስቀነስኩ። ብዙ አይደለም፣ የሁለት ኪሎ ሥጋ ያህል። ከዚያ በቀጥታ አንድ የዘመድ ቤት ገብቼ ነደባው ላይ የተቀመጡትን ሁሉ፣ ከነስፌቱ፣ በሩ ላይ ሆኜ በ17 አስገባኋቸው። ማንንም አልቆረጥኩም።

ለእናቴ ፍሪጅ ላይ የሚለጠፍ ማግኔት ገዛሁላት። ፍሪጁ ይከተላል አልኳት። ጫማዋን ነው ያነሳችው።

ጊስቲ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡12

ለሥጋ ሻጩ ሁለተኛውን ፎቶ አሳጥበህ ስጠው። ፊቱ ያለበትን።

አባ_ነጌቲቭ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡15

ዛሬ አመሸሁ ለዚህ ብዬ። ጭልፊቷን ለጥፋት እስቲ እንያት።

ከዚራ_ጥላ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡20

እንኳን ደስ አለህ ጀለስ! ግን ሌንሴስ? ዛሬ ከሰዓት ፈረስ መገላ ታክሲ ተራው ጋ 40 ደቂቃ ጠበቅኩህ፣ ስልክህ አይነሳም። አሁን ድሬ ገብቻለሁ።

ጁገል_ማዶ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡48

የትኛው ሌንስ?

ከዚራ_ጥላ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡49

አቦ!

ጁገል_ማዶ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡51

ሃሃ እሺ እሺ። ማክሰኞ ራሴ ድሬ አመጣልሃለሁ። ሰኞ ጠዋት ግን ሥጋ ሻጩ ና ብሎኛል፣ አንድ ቀን ብቻ ጨምርልኝ።